ሰፈር የራሱን ቁጥር ሲይዝ፦ የውሃ ፈረቃን መዝግቦ ለሕዝብ ክርክር ማቅረብ

ስለ ውሃ ፈረቃ በሚደረግ ስብሰባ የሚሰማው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ነዋሪው ተነሥቶ «ውሃ ካየን ሁለት ሳምንታችን ነው» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ «በወጣው ፈረቃ መሠረት እየተሠራጨ ነው» ይላል። ሰብሳቢው ቅሬታው መያዙን ገልጾ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። በማግስቱ ያው ክርክር ቴሌግራም ላይ ይቀጥላል፤ እዚያ ደግሞ ከውሃ ተነሥቶ ወደ ፖለቲካ፣ ከፖለቲካ ወደ ስድብ ይሻገራል። የሚጮህ ሰው አልጠፋም። የጠፋው ሌላው ወገን አንሥቶ ሊፈትሸው የሚችል መዝገብ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለእድር ኮሚቴ፣ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ወይም ለጥቂት ፈቃደኛ ጎረቤታሞች የተዘጋጀ ነው። አርባ ያህል ቤት፣ አራት ሳምንት፣ ደብተርና አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ምሳሌው የአዲስ አበባ ውሃ ቢሆንም ለመብራት መቆራረጥም፣ ለቆሻሻ ማንሻ መኪናም፣ ለጤና ጣቢያ ወረፋም ያገለግላል። እያንዳንዱን ደረጃ ስትሠሩ የማያምናችሁን ሰው ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት። የሚያምናችሁ ሰው ያለ ቁጥርም ያምናችኋል።

1. ጥያቄውን ማጥበብ

«ውሃ ለምን ይጠፋል?» ብላችሁ አትጀምሩ። የከተማው ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጉድጓዶች ይመጣል። በመካከሉ ፓምፕ አለ፣ ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ መብራት አለ፣ የሚፈነዳ መስመር አለ። ከሰፈር ተቀምጦ የዚህን ሁሉ ምክንያት ማወቅ አይቻልም፤ እናውቃለን ያለ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው መሐንዲስ ሲጠይቀው ይረታል። ከሰፈር ሆኖ በእርግጠኝነት ሊታወቅ የሚችለው የሚከተለው ነው፦ በፈረቃ ሰሌዳው ከተመደበልን ተራ ስንቱ ደረሰን?

የዚህ ጥያቄ ጉልበት መለኪያው የራሱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ላይ ነው። በሕንድ ራጃስታን ግዛት ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የተባለው የገበሬዎችና የሠራተኞች ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመሩት የአደባባይ ችሎት ይህንኑ በደንብ ያሳያል። ገበሬዎቹና የቀን ሠራተኞቹ ኮምፒውተር አልነበራቸውም። የመንግሥት ሥራ የተሠራበትን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር እንደምንም አግኝተው መንደሩ በተሰበሰበበት ጮክ ብለው አነበቡት። የሞተ ሰው ደመወዝ ሲቀበል ተገኘ፤ ተሠርቶ አልቋል የተባለ ግንባታ መሬት ላይ የለም። ከሳሹ የመንግሥት ወረቀት፣ ምስክሩ የመንደሩ ሰው ሆነ። ከዚያ የተነሣው ትግል በ2005 ለወጣው የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ ዋና መነሻዎች ከሆኑት አንዱ ነው። እናንተም የምታነቡት የተሰጣችሁን ሰሌዳ ነው።

2. ሰሌዳውን በጽሑፍ ማግኘት

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወይም በቴሌግራም የወጣውን ፈረቃ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሡ። ይህ ግን አይበቃም፤ «ያ የቆየ ነው፣ ተለውጧል» የሚል መልስ ይመጣል። ስለዚህ በማመልከቻ ጠይቁ።

ሕጋዊው መሠረት ሁለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መልሱም ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከማስገባታችሁ በፊት አዋጁ ተሻሽሎ እንደሆነ የሕግ ሰው ጠይቁ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለ……… ቅርንጫፍ ሕዝብ ግንኙነት። ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በ……… ወረዳ ከጥቅምት 1 እስከ 28 ቀን ሥራ ላይ የሚውለው የውሃ ፈረቃ ሰሌዳ ቅጂ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። በዚሁ ጊዜ ሰሌዳው የሚለወጥ ከሆነ ለውጡ የሚገለጽበት ማስታወቂያም ቅጂ እንዲደርሰን እንጠይቃለን።»

ምሬት አይግባበት። «እናቶቻችን በጀርባቸው ውሃ እየተሸከሙ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ከመረጃ ጥያቄ ወደ አቤቱታ ይለውጠዋል። አቤቱታ ደግሞ «እየታየ ነው» ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ይመታበት። ከተከለከላችሁ ይግባኙ መጀመሪያ ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መልስ ጨርሶ ካልመጣም የተጠየቀበትን ቀንና ያለፈውን ጊዜ መዝግቡ፤ ዝምታውም በኋላ የሚቀርብ መረጃ ነው።

3. «ውሃ መጣ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ የሰፈር ቆጠራ የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

ምድር ቤት ያለው ሰው ቧንቧው ሲንጠባጠብ «መጣ» ይላል። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቱ በዚያው ሰዓት ቧንቧ ከፍታ የምትሰማው የአየር ድምፅ ብቻ ነው። ሮቶ ያለው ቤት ደግሞ ውሃ በመስመሩ ሳይኖር ሦስት ቀን ቧንቧውን እየከፈተ ይውላል፤ ሮቶው ሲያልቅ ነው የሚደነግጠው። እነዚህን ሦስት ሰዎች «ትናንት ውሃ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስቱም እውነቱን ይነግሯችኋል፤ ሦስቱ መልሶች ግን አንድ ላይ አይደመሩም።

ስለዚህ መለኪያውን ከቃል ወደ ዕቃ አውርዱት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሰዱ። ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ወደ ሮቶው ከመግባቱ በፊት ባለው ቧንቧ ሥር አድርጉት። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ «መጣ» ነው፤ ካልሞላ «አልመጣም» ነው። ይህ በደቂቃ ሁለት ሊትር ማለት ነው። ወሰኑን 10 ወይም 15 ደቂቃ ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ ይወሰን፣ በመሐል አይነካ። ውጤቱ ከታየ በኋላ የተለወጠ መለኪያ ማንንም አያሳምንም፣ ሊያሳምንም አይገባውም። ከቆጣሪው አጠገብ ቧንቧ የሌላቸው ቤቶች ካሉ ለብቻ ምልክት ይደረግባቸው።

4. ቤቶቹንና መዝጋቢዎቹን መምረጥ

ፈቃደኛ ሲጠራ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው በጣም የተቸገረው ሰው ነው። በእሱ ብቻ የተሞላ መዝገብ ሰፈሩን ከሆነው በላይ የደረቀ ያስመስለዋል። የእድሩን የአባላት ዝርዝር ውሰዱና በየአምስተኛው ስም ላይ ምልክት አድርጉ፤ የወጣለት ቤት ይጠየቅ፣ ፈቃደኛ ካልሆነ ቀጣዩ ይተካው፣ መተካቱም ይጻፍ። የእድር ዝርዝር ግን ጉድለት አለበት። ተከራዮች፣ አዲስ የገቡና ከቦኖ የሚቀዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይገኙበትም። ለእነሱ ጥቂት ቦታ ለይታችሁ ያዙ።

ደብተሩ ለማን ይሰጥ? ለአባወራው መስጠት ልማድ ነው፤ አባወራው ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተኝቷል። ተነሥቶ ጀሪካን የሚደረድረው ሌላ ሰው ነው፤ እናት፣ ትልቋ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ። ደብተሩ ለቀጂው ይሰጥ። መጻፍ የማይመቻት ከሆነ ሦስት ምልክት ያለው ወረቀት ይዘጋጅላት። ለሥራው ምስጋናውም በስብሰባው ላይ ለእሷ ይድረስ።

5. መዝገቡን ማዘጋጀት

የሚያስፈልጉት ዓምዶች፦ የቤት መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የመጣበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ጀሪካኑ የሞላበት ደቂቃ፣ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ማስታወሻ። የመብራቱ ዓምድ የገባው «ፓምፑ የቆመው በመብራት መቋረጥ ነው» የሚለው መልስ እንደሚመጣ ስለሚጠበቅ ነው። የአንድ ሌሊት መዝገብ እንዲህ ይመስላል፦

ቤት 07፣ ጥቅምት 14፣ ሌሊት 8፡20 መጣ፣ ሌሊት 10፡05 ቆመ፣ በ6 ደቂቃ ሞላ፣ መብራት ነበረ።
ቤት 12፣ ጥቅምት 14፣ አልመጣም፣ ሌሊት 8 እና 10 ሰዓት ላይ ተሞክሯል፣ መብራት ነበረ።
ቤት 15፣ ጥቅምት 14፣ አልታየም፣ ለቅሶ ቤት አድረዋል።

ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉት። «አልመጣም» እና «አልታየም» የተለያዩ ናቸው። ማንም ያላየውን ሌሊት ባዶ የተወ ደብተር በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ባዶው ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮው ደግሞ «ውሃ አልመጣም» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ባዶ ቦታ አይፈቀድም።

ሰዓትና ቀን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ስልኩ 2፡00 ሲል ሰውየው ሌሊት 8 ሰዓት ይላል፤ ግማሹ በስልኩ፣ ግማሹ በልማዱ ከጻፈ መዝገቡ ስድስት ስድስት ሰዓት ይዛባል። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ፣ ፊቱም «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚል ቃል ይኑረው። ከዚህ የሚብሰው የቀኑ ድንበር ነው። ስልኩ ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት «ለረቡዕ አጥቢያ» ነው፣ ማክሰኞ ያመሸው ሰው ደግሞ ገና ማክሰኞ ነው ብሎ ይጽፈዋል። የማክሰኞ ተራ ረቡዕ ላይ ከተመዘገበ ሰሌዳው ሳይጣስ የተጣሰ ይመስላል። ቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት እንዲቆጠር ወስኑና የደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። ሰሌዳው በምን አቆጣጠር እንደተሠራም አጣሩ።

ኤክሴል ላይ ስትገለብጡ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ። ፕሮግራሙ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም፤ አንድ ላይ የተጻፈ ቀን ካገኘ በራሱ አስተሳሰብ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። የቦታ ስምም በእጅ አይተየብ። «ኃይሌ ጋርመንት»፣ «ሀይሌ ጋርመንት» እና «ሃይሌ ጋርመንት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰፈር ናቸው። ከተዘጋጀ ዝርዝር መምረጥ ይህንን ያስቀራል። ስልክ ላይ መመዝገብ የሚሹ ኮቦቱልቦክስ (KoboToolbox) የተባለውን የቅጽ መሙያ መተግበሪያ መጠቀም ይችላሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሞላና መስመር ሲገኝ ይላካል። ወረቀቱ ግን አይቅር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ መዝገቡን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የራሱን ሥራ ማየት አይችልም ነበር።

6. ሰዎቹን መጠበቅ

የነዋሪው ስም ከመዝገቡ ውስጥ አይገባም። ቤት 07 የማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር በአንድ ደብተር፣ በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥ። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አቋም አይጠየቅ፤ ለውሃ ጥያቄ አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ሌላ እጅ ከገባ ደግሞ ጉዳት ያመጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የሰጠው መረጃ ለተነገረው ዓላማ ብቻ እንዲውል ያስገድዳል። ስለዚህ ደብተሩን ስትሰጡ «ይህን የምንሰበስበው ለዚህ ነው፣ ለእነ እገሌ እናሳየዋለን፣ በፈለጉ ጊዜ ማቆም ይችላሉ» ብላችሁ ንገሩ። ካርታ ከሠራችሁ ቤትን በነጥብ አታመልክቱ፤ በብሎክ ወይም በመንደር ደረጃ ይብቃ። ሌሊት ማን ብቻውን ውጭ ቆሞ ውሃ እንደሚቀዳ የሚናገር ካርታ ለሌባም ያገለግላል።

7. ማጣራት

በየሳምንቱ ከአምስት ቤት አንዱ ጋ ሌላ ሰው ሄዶ በራሱ ጀሪካን ይለካ። ሁለቱ መዝገቦች ካልተስማሙ የትኛውም አይሰረዝ፤ ሁለቱም ይቀመጡና ልዩነቱ ይጻፍ። ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ሰው ሌላ፣ የሚያመሳክረው ሌላ ይሁን። እርማት ሁሉ በአንድ የእርማት ገጽ ላይ ይስፈር፦ ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ማን አረመው፣ ለምን።

ይህ ገጽ ሌላም ጥቅም አለው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በዚያው አዋጅ የንግግሩን እውነተኛነት ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው እንደ ሐሰተኛ መረጃ አሰራጭ አይቆጠርም። ጥረት ማድረጋችሁን የምታሳዩት በእርማት ገጹና በማመሳከሪያው ነው።

8. ማስላት

ከፍ ያለ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም። ለምሳሌ 40 ቤት፣ በሳምንት ሁለት ተራ፣ አራት ሳምንት ቢሆን 320 ተራ ይጠበቃል። ከዚህ ውስጥ 208 «መጣ»፣ 88 «አልመጣም»፣ 24 «አልታየም» ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። ስሜት የሞላው ሰው «ከተመደበልን 65 በመቶ ብቻ ደረሰን» ብሎ መጻፍ ያምረዋል። ይህ ግን ያልታዩትን 24 ተራዎች ሁሉ «አልመጣም» አድርጎ መቁጠር ነው። ያልታዩት በሙሉ መጥተው ቢሆን ውጤቱ 232 ከ320፣ ማለትም 72.5 በመቶ ነው። ስለዚህ የሚታተመው ዓረፍተ ነገር «ከተመደበልን ተራ የደረሰን ከ65 እስከ 72.5 በመቶ ባለው መካከል ነው፤ 24 ተራ አልታየም» የሚለው ነው። ደካማ ይመስላል፤ ሊያፈርሱት ሲመጡ ግን የሚፈርስ ነገር አያገኙም።

ሁለተኛው ወጥመድ አማካይ ነው። አምስት ቤቶች በተከታታይ ያለ ውሃ የቆዩበት ረጅሙ ጊዜ 2፣ 3፣ 3፣ 4 እና 23 ቀን ቢሆን አማካዩ 7 ቀን ይሆናል፤ 7 ቀን የቆየ ቤት ግን አንድም የለም። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሐል ላይ የወደቀውን፣ 3 ቀንን፣ ውሰዱና የ23 ቀኑን ቤት ለብቻው አንሡት። ምናልባት የዚያ ቤት ችግር የተዘጋ መስመር ነው፤ እሱን አማካይ ውስጥ መቅበር ለቤቱም ለክርክሩም አይበጅም።

ግራፍ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከታች ከዜሮ ይነሣ።

9. መጀመሪያ ለሚመለከተው ማሳየት

ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ በደብዳቤ ይላክና መልስ የሚሰጥበት በቂ ጊዜ ይሰጠው። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ ልመና ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉ ደረጃ የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተት ካለ እዚያ ይገኛል፤ በዚያ ሳምንት ዋና መስመር ተበላሽቶ ከነበረ ትሰማላችሁ፤ መልስ ከሰጡ መልሳቸው ከውጤቱ ጎን ይታተማል፤ ካልሰጡ «አስተያየት ጠይቀን አልደረሰንም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በኋላ በአዳራሽ ውስጥ «ይህን አሁን ነው የምንሰማው» የሚል ሰው አይኖርም።

10. ወደ አደባባይ ማውጣት

ከቴሌግራም በፊት እድሩ ይስማው። የወሩ ስብሰባ ላይ ዝርዝሩ በመለያ ቁጥር ይነበብ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቁጥር ስለሚያውቅ «ቤት 19 ላይ ተሳስታችኋል» የሚል ካለ እዚያው ይነሣል። ቁጥሩ የሰፈሩ የሚሆነው ሰፈሩ ከፈተሸው በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፦ ጥያቄው፣ መለኪያው፣ ውጤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ መልስ፣ የማናውቀው ነገር። ሠንጠረዡም ስም የሌለበት ሆኖ ሙሉ በሙሉ ለማንም ክፍት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2011 ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ሴፍካስት የተባለው የጃፓን የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ የጨረር መለኪያ መኪና ላይ እየገጠመ የሰበሰበውን ሁሉ ያለ ምንም ገደብ ለሕዝብ ለቀቀ። መለኪያውንም ልኬቱንም ማንም ማየት ስለሚችል በመንግሥትም በተቃዋሚም ወገን ያለ ሰው ሊፈትሸው ቻለ።

አሁን መልሱ ይጎርፋል። አራት ዓይነት ተቃውሞ ደጋግሞ ይመጣል።

«ማን ልኳችሁ ነው?» ለዚህ መልሱ አስቀድሞ ገጹ ላይ ይጻፍ፦ ኮሚቴው ማን እንደመረጠው፣ የደብተሩ ገንዘብ ከየት እንደመጣ።

«አርባ ቤት ከተማውን አይወክልም።» እውነት ነው። ተስማሙ። የቆጠራችሁት ይህን ሰፈር በዚህ ወር ነው።

«የእኛ ሰፈር ይብሳል፣ እናንተ ታድላችኋል።» አትከራከሩ። ባዶውን ቅጽ ላኩላቸው። ሁለተኛ ሰፈር በዚያው መለኪያ ከቆጠረ የመጀመሪያው መዝገብ ዋጋው ይጨምራል።

«ሆን ተብሎ ነው፤ የእነ እገሌ ሰፈር ስለሆነ ነው።» አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከደጋፊያችሁ ነው። ቁጥራችሁን አመስግኖ ይወስድና ቁጥሩ ሊሸከመው የማይችለውን ክስ ይጭንበታል። ዝም ካላችሁ ክሱ የእናንተ ይሆናል። ቶሎ ብላችሁ በስማችሁ መልሱ፦ «መዝገባችን ውሃ መቼ እንደመጣ ይናገራል። ለምን እንዳልመጣ አይናገርም። ምክንያቱን መሥሪያ ቤቱን ጠይቀናል።» የጥላቻ ቃል ያለበትን መልእክት አጥፉ፣ ጠንካራ ትችትን ግን ተዉት። በመካከሉ ያለው መስመር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም፤ ስለዚህ ማጥፋትን አንድ ሰው ብቻውን አይወስን።

ስለ ውጭ አገር ዘመዶችም አንድ ነገር። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ የሰፈሩ ልጅ መዝገቡን በማጽዳት፣ ግራፍ በመሥራት፣ ቅጂ በማስቀመጥ ትልቅ እገዛ ሊያደርግ ይችላል። የጽሑፉን ቃና ግን እሱ አይወስን። ኃይለ ቃል የሚጽፈው እዚያ ሆኖ ወረዳ የሚጠራው እዚህ ያለው ነው።

ኤፍ ኤም ሬዲዮ የአድማጭ ስልክ ያለበት ፕሮግራም ካለው ደውሉ፤ በእጃችሁ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። ቴሌግራም የማይጠቀሙ ሰዎች የሚሰሙት በዚህ ነው። የወረዳ ሕዝብ መድረክ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ይናገር፣ ሌሎቹ ገጹን ያድሉ። ጥያቄው «ለምን ትበድሉናላችሁ?» አይሁን፤ «የሚቀጥለው ወር ሰሌዳ ሲለወጥ በስንት ቀን አስቀድማችሁ ታሳውቁናላችሁ?» ይሁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ንግግርን ይጠራል፣ ሁለተኛው ቀጠሮን። የተሰጠውን መልስ ከነቀኑ መዝግቡ፤ የሚቀጥለው ቆጠራ የሚለካው በእሱ ነው።

11. መዝጋት

አራት ሳምንት ሲያልቅ አቁሙ። ያለ ማብቂያ የሚቀጥል ቆጠራ መዝጋቢዎቹን ያሰለቻል፣ ደብተሩም በግምት መሞላት ይጀምራል። ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ በዚያው መለኪያ፣ በዓል በማይበዛበት ወር ድገሙት፤ ጥምቀት ያለበትን ጥር ከጥቅምት ጋር ማወዳደር ለሌላ ክርክር በር ይከፍታል።

የመጀመሪያዎቹ ደብተሮች በእድሩ ሣጥን ይቀመጡ። ስምንና የቤት ቁጥርን የሚያገናኘው ዝርዝር ግን ማጣራቱ ሲያልቅ በኮሚቴው ፊት ይቀደድ፣ ስልክ ላይ የቀረ ፎቶው ይጥፋ፣ መጥፋቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለሁለተኛው ዙር አዲስ ዝርዝር ይወጣል።